ሦስት እጥፋት

ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ላልወጣሽው እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ ደረጃ ስትወጪ እንደሚይዝሽ ነገርሽኝና ወዲያው «ቀልዴን ነው» አልሽ። የጉልበት ቀልድ ሰምቼ አላውቅም። በረኪናውንም ጓንት ሳታጠልቂ አትንኪ፤ ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ እጅሽን ከጀርባሽ ደብቀሽ መቆምሽን አይቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል፣ የሚብስባት ግን የማትፈልገውን ነገር ሲነግሯት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። እኔና አንቺ ግን በስልክ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተባባልነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ደህና ነሽ?» እና «ደህና ነኝ»። ካንቺ ኋላ አሠሪሽ ስትጠራሽ ይሰማኛል፣ ከእኔ ኋላ አክስቴ «ሰላም በያት» ትላለች፣ ከዚያ ይዘጋል። ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ ጎረቤታችን ለዕረፍት መጥታ ወደዚያው ልትመለስ ነው። በእጅሽ እንድትሰጥሽ፣ ያውም ብቻሽን ስትሆኚ፣ አስምያታለሁ።

የሥራ ቪዛው ደርሶኛል። በዚህ ወር መጨረሻ ካልተነሳሁ እንደሚሰረዝም አውቃለሁ። «ጠዋት ቢሮ ታጸጃለሽ፤ ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ትጠብቂያለሽ፤ ዝምተኛ ናት፣ አታስቸግርሽም» ብለሽ የጻፍሽልኝን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሥሩም «አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ለማን ላድርግ» ብለሻል። አክስቴ ቪዛውን ተቀብላ ስማው ትራሷ ሥር አድርጋ ነው ያደረችው። «የእናት ስጦታ እምቢ አይባልም» ትላለች።

እማዬ፣ አልመጣም።

ቁጣሽን ለመጨረሻው ገጽ አቆዪልኝና ስሚኝ። በቅድሚያ አንድ ውሸቴን ልናዘዝ። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትይኝ «ጥሩ ነው» እያልኩሽ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ሥራ ከተባረርኩ ደግሞ ልክ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። በሌብነት።

አትደንግጪ። የሰረቅሁት ነገር የለም፤ ቢኖር ኖሮ አክስቴ ቀድማ ታገኘው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

የተቀጠርኩበት ቢሮ ዓላማው፣ በግድግዳው ላይ በትልቁ እንደተጻፈው፣ ድህነትን በመቀነስ ስደትን መቀነስ ነበር። ሐሳቡን ዛሬም አልሰድበውም። ሰው ባለበት ሠርቶ ካደረ ባሕር ላይ ምን አለው? እኔ ደግሞ ድህነት እናቷን የወሰደባት ልጅ ነኝ፤ ከማንም በላይ አምኜ ነው የገባሁት። አሠራሩ ቀላል ነበር። ለመሰደድ ያሰቡ ሴቶች አራት ወር ልብስ ስፌት ይማራሉ፤ በምረቃቸው ቀን እያንዳንዳቸው የተማሩበትን የስፌት መኪና ተሸልመው፣ ፎቶ ተነስተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የእኔ ሥራ ከስድስት ወር በኋላ በየቤቱ ዞሬ መስፋታቸውን ማረጋገጥ ነበር።

ዞርኩ። በመጀመሪያው ቤት መኪናው የት እንዳለ ስጠይቅ «አክስቴ ጋ ነው» ተባልኩ። በሁለተኛውም ቤት አክስቷ ጋ ነው። በሦስተኛው ቤት ተመራቂዋ ራሷ የለችም፤ እናቷ «መኪናውን ይዛ አክስቷ ጋ ሄዳለች» አለችኝ። አሥራ አንደኛው ቤት ስደርስ እኔው ቀድሜ «አክስትሽ ጋ ነው አይደል?» አልኳት። ልጅቷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሬት መሬት ማየት ጀመርን። ዝርዝሬ ላይ ከነበሩት ሠላሳ ሴቶች አሥራ ስምንቱ ከከተማው ወጥተው ነበር።

መኪኖቹ የት እንደገቡ ያወቅሁት በሚቀጥለው ዙር ምረቃ ላይ ነው። ካለፈው ዙር ተማሪዎች መካከል «ጥይት» የምንላት ነበረች፤ ምላሷ ስለሚፈጥን ነው። አንድ ቀን ወሬ ይዛ ካውያውን በመኪናዋ ገበታ ላይ ረሳችውና የካውያው አፍንጫ በእንጨቱ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀረ። ያንኑ መኪና ተሸልማ ሄደች። በአዲሱ ምረቃ ጠዋት ደግሞ ለዚያ ዙር ስልጠና አዲስ ተገዝተው ነበር የተባሉትን መኪኖች ሸራ ስገልጥ፣ አራተኛው ላይ ያ የካውያ አፍንጫ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ብረቱ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ ያበራል፤ እንጨቱን ማንም አላሰበውም። ጠያይቄ ደረስኩበት፤ ሴቶቹ መኪናውን ለብረታ ብረት ነጋዴው ሸጠው ለደላላ ይከፍላሉ፤ ነጋዴው ቀለም ቀብቶ ለቢሯችን ይሸጣል፤ ቢሯችን ለተከታዮቹ ይሸልማል። ስደት ልንቀንስ ተነስተን የመንገድ ስንቅ እናድል ነበር።

ይህን ሁሉ በሪፖርቴ ጻፍኩ። ኃላፊያችን ጠራኝና በለሰለሰ ድምፅ «እህቴ፣ መኪኖቹ በሥራ ላይ ናቸው ብለሽ ጻፊ» አለኝ። በሥራ ላይ አይደሉም አልኩት። «እንዴት አይደሉም? ያቺ መኪና ሁለት ጊዜ ተመርቃለች፤ አንቺ እንኳ የተመረቅሽው አንድ ጊዜ ነው» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳልስቅ ስቀር ፊቱ ተለወጠ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በእኔ ክትትል ሥር የነበሩ ሁለት የስፌት መኪኖች ስለጠፉ ተሰናብቻለሁ ይላል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ሰዎች መጥተው አዩ፣ ግዢው ቆመ፣ ስልጠናውም ተዘጋ። ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ያውም በእድገት። የእኔን ስም ግን ያነጻልኝ አልነበረም። በመንገድ ሳልፍ «የተማረች ሌባ» ይሉኝ ነበር፤ አክስቴም ሁለት ወር ሙሉ ወደ ገበያ በኋላ በር ዞራ ነው የሄደችው። አላለቀስኩም። አንድ ቀን አልቅሻለሁ፣ ያን ቀን ግን ሽንኩርት ስከትፍ ስለነበር አይቆጠርም።

ጥይት የተመለሰችው ያኔ ነው። መንገድ ላይ ተይዛ ወራት ታስራ ከርማ መለሷት። ከስታ ነበር፤ ምላሷ ግን አንድ ግራም አልቀነሰም። መኪናዋን ለምን እንደሸጠች ጠየቅኋት፤ እንደ ቢሮ ሳይሆን እንደ ሰው። «ያስተማራችሁን የትራስ ልብስ ነው» አለችኝ፤ «ፈተናውም የትራስ ልብስ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሃያ የትራስ ልብስ ሰፋሁ። ሠላሳችንም ሃያ ሃያ ሰፋን። እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፣ ይቺ ከተማ ስንት ራስ አላት?» ሳቅሁ። እሷ ግን ቀጠለች፤ «ብቻዬን ከመኪናው ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ባሕሩን እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ቁጭ ብሎ መዋሉን ግን የበለጠ ፈራሁት።»

እማዬ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረኝ የለም። ቢሮው ለእያንዳንዷ መኪና ሰጥቶ ወደ ባዶ ክፍሏ ሰደዳት። አንዷ ቆርጣ፣ አንዷ ሰፍታ፣ አንዷ ሸጣ ነው ሥራ የሚሆነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰው የሚፈልገውን ነገር መስፋት ያስፈልጋል።

ከጥይት ጋር አብረን ልንሞክረው ተስማማንና በማግሥቱ ነጋዴው ጋ ሄድኩ። በዛገ ብረት መሃል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሲያየኝ «ጉሮሮዬን ዘግተሽ ደግሞ ልታዪኝ መጣሽ?» አለኝ። ከኋላው አሥራ አንድ መኪና ተደርድሯል፤ ግዢው ስለቆመ ገዢ አጥተው አቧራ ለብሰዋል። አራቱን ስጠን፣ ከምንሸጠው ድርሻህን ትወስዳለህ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ካልሆነልን መልሰህ ትጭናቸዋለህ አልኩት። «አንቺን የተማረች ሌባ ናት ይላሉ» አለኝ። «አንተ ደግሞ ያልተማርከው ነህ፤ እንግባባለን» አልኩት። ሻዩ ትን አለው። በዚያው ቀን በጋሪ አስጭኖ ላከልን። የካውያ አፍንጫ ያለባት አብራ መጣች፤ ጥይት እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፋ ተቀበለቻት።

ምን እንስፋ? መልሱ አልጋዬ ሥር በሣጥን ውስጥ ነበር።

ያንን ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ታስታውሺዋለሽ? ልትሄጂ ሦስት ቀን ሲቀርሽ ለትምህርት ቤት የሰፋሽልኝን። ጠርዙን ወደ ውስጥ ሦስት ጊዜ አጥፈሽ እያንዳንዱን እጥፋት ለየብቻ ቀመቀምሽውና «በየዓመቱ አንድ እጥፋት ትፈቻለሽ፤ ሦስተኛውን ስትፈቺ መጥቻለሁ» አልሽኝ። ሸሚዜንም ስትቆርጪ፣ አያቴ ለአንቺ ታደርግ እንደነበረው፣ የግራውን ትከሻ በአንድ ጣት ዝቅ አደረግሽው። የቤታችን ሴቶች ትከሻ እንዲያ ነው፤ ቦርሳ በግራ በኩል አይቆምልንም።

ሦስተኛውን እጥፋት የፈታሁት በር በሩን እያየሁ ነው። ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ከሌላው ጠቁሮ በጉርዴ ላይ ሦስት መስመር ሠራ፤ ልጆቹም «ባለመስመሯ» አሉኝ። አንቺ በስልክ «በሚቀጥለው ዓመት» አልሽ። ከዚያም በኋላ «በሚቀጥለው ዓመት»። ለዓመታት ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ቂሙ ስላለቀ ነው መጻፍ የቻልኩት። ቂሙ አልቆ ጉርዱ ቀርቷል።

ለከተማችን ተማሪዎች ዩኒፎርም የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ በሦስት ልክ፣ ያውም ትምህርት ከተጀመረ ከወር በኋላ። ልጆቻችን ደግሞ በሦስት ልክ አልተወለዱም። ጉርድሽን ፈትተን መልሰን አጥፈን አጠናነው። ጥይት መስመሩን በጥብጣብ የመሸፈን ዘዴ አመጣች፤ እጥፋቱ ሲፈታ በጠቆረው ላይ ጥብጣቡ ይሰፋበታል፣ ልጅቷም ባለመስመር መሆኗ ቀርቶ ባለጥብጣብ ትሆናለች። የመጀመሪያውን ኮሌታ ንድፍ ለመቁረጥ ጠንካራ ወረቀት ስፈልግ በእጄ የነበረው የስንብት ደብዳቤዬ ነበር። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው። ዛሬ በከተማችን የሚታየው የተማሪ ኮሌታ ሁሉ ከሌብነቴ ማስረጃ ላይ የተቆረጠ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በዓይኗ የማታምን ሴት ናት። ናሙናውን ሳሳያት መርፌ ቁልፍ ከደረቷ አውጥታ አንዱን እጥፋት ራሷ ፈታችው፣ ጨርቁን በጣቷ ለካችው፣ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ከዚያ «ልጅቷ ይህን ሦስት ዓመት ከለበሰች አንቺ ምን ልትሸጪ ነው? ትከስሪያለሽ» አለችኝ። በየዓመቱ አዲስ አንደኛ ክፍል ይገባል አልኳት። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ስለ አንቺ የሚወራውን ሰምቻለሁ» አለች። ወንበር ስላልጋበዘችኝ ቆሜ ቁልቁል እያየኋት፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ልብሱን ግን የሚሰፋው ወሬው አይደለም አልኳት። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። የአንድ ክፍል ዩኒፎርም ብቻ እንድንሰፋ ሰጠችን። ለዚያ ክፍል ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ቀን አስቀድመን አደረስን። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሰጥታናለች።

አሁን ሰባት ነን፣ አሥራ አንዱም መኪኖች እኛ ጋ ናቸው። ቤቱ የቀድሞ እህል መጋዘን ስለሆነ ጥግ ጥጉን ስትጠርጊ ዛሬም ስንዴ ይወጣል። ከሰባታችን አራቱ ደላላ አነጋግረው የነበሩ ናቸው። ባለፈው ወር ደላላው ራሱ ልጁን ልክ ሊያስወስድ መጣና «ገበያዬን ዘጋችሁት» አለን። ጥይት ሜትሩን የልጁ ወገብ ላይ እንዳጠመጠመች ቀና ሳትል «ሰው ማሳመን ታውቅበታለህ፤ ና ቁልፍ ሽጥልን» አለችው።

ሁሉም ቀረ ብዬ ግን አልዋሽሽም። አንዷ ሄዳለች። እንዳትሄድ አልለመንኳትም። መኪናዋን ግን አልሸጠችም፤ ዘይት ቀብታ፣ ሸራ አልብሳ ለታናሽ እህቷ አስረክባ ነው የወጣችው። የእኛ ሥራ በር መዝጋት አይደለም። የሚሄድ ወዶ ይሂድ፤ አንቺ እንደሄድሽው ተገዶ አይሂድ። እኔም መሄድ አልፈራሁም እማዬ። እዚህ ግን በጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ስድስት ሴቶች በሩ ላይ ይጠብቁኛል።

አሁን ወደ መጨረሻው ገጽ ልምጣ።

አምና፣ ስፌት መልመዴን ስነግርሽ፣ በዚህችው ጎረቤታችን በኩል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ልከሽልኝ ነበር። «ለአሠሪዬ ትንሿ ልጅ ቀሚስ ስፊልኝ፣ አራት ዓመቷ ነው» ብለሽ ልኳን ጽፈሽበታል። ሰፍቼ ላክሁ፤ «ልክክ አለላት» አልሽኝ። ያኔ ጀማሪ ስለነበርኩ በወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ቆረጥኩ እንጂ አላሰብኩበትም። ዘንድሮ ሦስት መቶ አርባ ልጅ በእጄ ለካሁ። እጅ ሲለምድ ያነብባል። አንድ ቀን ወረቀቷን ከሣጥኑ አውጥቼ እንደገና አየኋት። ከደረት ልኩ ሥር በራስሽ ጽሕፈት «የግራ ትከሻ አንድ ጣት ዝቅ» ይላል።

ወረቀቱን ለአክስቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ቀሚሱ ቀለሙ ምን ነበር?» አለችኝ። ቀይ አልኳት። «ቀይ ለልጅ ያምራል» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። በማግሥቱ ዕቃ የሞላበትን ሁለተኛውን ክፍል ማጽዳት ጀመረች። ቪዛውንም ከትራሷ ሥር አውጥታ፣ ሳልጠይቃት፣ ጠረጴዛ ላይ አኖረችልኝ።

ምንም አልጠይቅሽም። አንቺም ምንም እንድትመልሺልኝ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ፤ የሰፈር አፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ለክቼ አውቀዋለሁ። እኔን «ሌባ» ብሎ ነበር፤ ዛሬ ያው አፍ ልጁን ይዞ በራችን ላይ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። እሱን ፈርተሽ ከሆነ በየዓመቱ «በሚቀጥለው ዓመት» የምትይው፣ ለእኔ ተዪልኝ። ምላሴን ታውቂዋለሽ፤ የቀረውን ጥይት ትጨርሰዋለች። ስትመጪም አርፈሽ የምትቀመጪ እንዳይመስልሽ። አንደኛ ቆራጭ አጥቻለሁ፤ በእጥፋት ደግሞ ካንቺ የሚበልጥ የለም።

ቪዛውን በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። ከእሱ ጋር ተጠቅልሎ ያለው ሜትር የራሴ ነው፤ ልክ ላኪልኝ። እኔ ሳውቅሽ ቁመቴ ደረትሽ ድረስ ነበር፤ ከዚያ በላይ የማውቅሽ በፎቶ ነው። ትከሻሽን፣ የእጅሽን ርዝመት፣ ሁሉንም ጻፊልኝ። የሁለታችሁንም ላኪ። ዳይሬክተሯን በሚቀጥለው ዓመት አንድ የተማሪ ቦታ እንድትይዝልኝ ነግሬያታለሁ፤ «ለማን?» ብላ አልጠየቀችም፣ ጻፈችው። ሰማያዊውን ጉርድ እኔ እሰፋዋለሁ፣ ጠርዙንም ሦስት ጊዜ አጥፈዋለሁ። እጥፋቱን በየዓመቱ የምትፈቺው ግን አንቺ ነሽ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እጅሽን ከበረኪና ያሳርፍልሽ፣ የሄድሽበትን መንገድ መመለሻ ያድርግልሽ። አክስቴ በሁለቱም ጉንጭሽ ስማሻለች፤ ዝምተኛዋንም ሳሚልኝ ብላለች።

በእናትነትሽ የምትኮራው

ታላቋ ልጅሽ